መሬት ላይ የማይታይ ፍሳሽ፦ አባይ በረሃ ላይ የፈላች ኮሮላ

ጋሼ የደወሉልኝ ከጎሐ ጽዮን በታች፣ አባይ በረሃ ዳገት ላይ ቆመው ነው። ደብረ ማርቆስ ለቅሶ ደርሰው ወደ አዲስ አበባ እየተመለሱ ነበር። ድልድዩን ተሻግረው ዳገቱን ሲያጋምሱ የሙቀት መርፌው ሽቅብ ወጣ። ከዚያ ደግሞ በድንገት ወረደ። «ተመስገን፣ በረደች» ብለው መንዳታቸውን ቀጠሉ። ሁለት መታጠፊያ ሳያልፉ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ተትጎለጎለ።

«ልጄ፣ አጥፍቻታለሁ። ከፍቼ ውሃ ልጨምርባት?»

«በፍጹም እንዳይከፍቱት ጋሼ! ኮፈኑን ብቻ ያንሱና ራቅ ብለው ይቀመጡ። ቢያንስ አንድ ሰዓት ይጠብቁ።»

አንድ የሲኖትራክ ሹፌር አጠገባቸው አቁሞ ያንኑ ነገራቸው። ከጀሪካኑ ውሃ አካፈላቸው። የራዲያተሩ ክዳን በእጅ ሲነካ እስኪቀዘቅዝ ድረስም አብሯቸው ጠበቀ። ማን እንደሆነ አላውቅም፤ እግዚአብሔር ይስጠው። ሞተሩን ያተረፈው እሱ ነው። በጋለ አሉሚኒየም ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ቢገባበት ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ሊጣመም ወይም ሊሰነጠቅ ይችል ነበር።

ጋሼ የእናቴ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ ጡረታ የወጡ መምህር። እኔ መካኒክ ነኝ። መኪናዋ በፈረንጅ 2004 የተሠራች ኮሮላ ናት፤ 1.6 ሊትር ቤንዚን፣ ማንዋል። ከጎሐ ጽዮን አዲስ አበባ ድረስ በዝግታ ነዷት። በየመሃሉ ቆመው እያበረዱ፣ ውሃ እየጨመሩ ማታ ገቡ። በማግስቱ ጋራዥ አመጧት።

ይህን ጉዳይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የምጽፈው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ፍሳሹ መሬት ላይ አንዲት ጠብታ ሳያሳይ ለወራት ውሃ የጨረሰ ፍሳሽ ነበር። ሁለተኛ፣ እኔም መጀመሪያ ላይ ተሳስቻለሁ። ስህተቱ ብዙ መካኒክ የሚሠራው ስለሆነ ቢነገር ይሻላል።

ከመንካት በፊት መጠየቅ

መኪናዋን ከመንካቴ በፊት ጋሼን ወንበር ሰጥቼ አስቀመጥኳቸው። ፍሳሽ ሲፈለግ ግማሹ መልስ ያለው ባለቤቱ ዘንድ ነው።

«ውሃ መቀነስ የጀመረችው መቼ ነው?»

«ከክረምት በፊት ጀምሮ። በሦስት ሳምንት አንድ ሊትር ገደማ እጨምርባታለሁ።»

«ምን ዓይነት ውሃ?»

«የቧንቧ ነዋ። ሌላ ምን አለ?»

«ግቢ ውስጥ ስትቆም ሥሯ ይረጥባል?»

«ደረቅ ነው። ካርቶን አንጥፌበት አይቻለሁ። ጠብ የሚል የለም።»

«የእግር ምንጣፉስ?» ደረቅ ነው። «መስታወቱ ላይ የሚጣበቅ ጭጋግ፣ ውስጥ ላይ ጣፋጭ ሽታ?» የለም። «ጠዋት ስትነሳ ነጭ ጭስ?» ትንሽ፣ እንደማንኛውም መኪና፤ ቶሎ ይጠፋል። እነዚህን የምጠይቀው ውሃው የሚሄድበት ቦታ ውስን ስለሆነ ነው። ወይ ወደ ውጭ ይፈሳል፣ ወይ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ባለችው የማሞቂያ ራዲያተር በኩል ሰው የሚቀመጥበት ውስጥ ይገባል፣ ወይ ወደ ዘይቱ ይቀላቀላል፣ ወይ ወደ ሲሊንደር ገብቶ በማርሚታ (በጭስ ማውጫው) በኩል ይወጣል። አምስተኛ መንገድ የለም።

ከዚያ ጋሼ ዋናውን ነገር ነገሩኝ። ከሁለት ወር በፊት ሌላ ጋራዥ ወስደዋት ነበር። መካኒኩ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፈተና ከውስጥ በኩል ወተት የበዛበት ማኪያቶ የመሰለ አረፋ አሳያቸው። «ውሃና ዘይት ተቀላቅሏል፤ የቴስታታው ጋስኬት በልቷል፤ ሞተሩ ይከፈት» አላቸው። የጠየቃቸው ገንዘብ ለጡረተኛ የሚቀመስ አልነበረም። በዚያ ምክንያት መኪናዋን ሊሸጧት አስበው ነበር።

አረፋውን እኔም አየሁት። እውነትም አለ። ግን የዘይት መለኪያውን ዘንግ ሳወጣው ዘይቱ ጠቆር ያለ፣ ንጹሕ ዘይት ነው። ውሃ ወደ ዘይቱ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ከታች ካርተሩ ውስጥ ያለው ዘይት ሁሉ ይነጣ ነበር። አረፋው ያለው ክዳኑ ላይ ብቻ ነው። ይህ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ከጤዛ ነው። ሞተር በደንብ ሳይሞቅ አጭር መንገድ ብቻ ሲሄድ ውስጡ ያለው እርጥበት ተንኖ አይወጣም፤ ቀዝቃዛው ክዳን ላይ ጤዛ ሆኖ ከዘይት ጋር ይደባለቃል። ጋሼ ደግሞ በአብዛኛው የሚነዱት ከቤት ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን ቤት ነው። 3 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው።

ቢሆንም መኪናዋ አንድ ጊዜ ፈልታለችና በመገመት አልተውኩትም። ቴስታታው ደህና መሆኑን የሚያረጋግጥ ፈተና አለ። ሰማያዊ ፈሳሽ ያለባት የመስታወት ቱቦ ራዲያተሩ አፍ ላይ ትደረጋለች። ሞተሩ እየሠራ ከውሃው በላይ ያለው አየር በዚያ ፈሳሽ ውስጥ ይሳባል። ከሲሊንደር የሾለከ የተቃጠለ ጋዝ ካለ ሰማያዊው ወደ ቢጫ ይለወጣል። ሁለት ጊዜ ሞከርኩት። ሰማያዊ እንደሆነ ቀረ። ካንዴላዎቹን (ነዳጁን የሚያቀጣጥሉትን) አውጥቼ የአራቱንም ሲሊንደር ግፊት ለካሁ፤ ተቀራራቢ ናቸው። ካንዴላዎቹም ራሳቸው ደረቅ ነበሩ። ውሃ የሚበላ ሲሊንደር ካንዴላው ከሌሎቹ የተለየ፣ ታጥቦ የጸዳ ይመስላል። እዚህ ያ አልነበረም።

ስለዚህ ውሃው የሚሄደው ወደ ውጭ ነው። ግን የት?

አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ናት

ወደ ፍለጋው ከመሄዴ በፊት ስለ ራዲያተሩ ክዳን መናገር አለብኝ። ታፖ ስለምንላት ትንሽ ነገር። ብዙ ሰው ውሃው እንዳይረጭ የምትከድን ብቻ ይመስለዋል። ሥራዋ ከዚያ በላይ ነው። ውሃው እየሞቀ ሲሄድ ይሰፋል፤ ክዳኗ ያንን ግፊት ይዛ ታቆየዋለች። የዚህች መኪና ክዳን ላይ 1.1 ተብሎ ተጽፏል። ግፊቱ ከውጭው አየር በ1.1 ባር ገደማ እስኪበልጥ ድረስ አትከፈትም ማለት ነው።

ውሃ ባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው። እዚህ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሽሮ ወጥ እዚህና ድሬዳዋ እኩል ሰዓት የማይበስለውም ለዚህ ነው። አሁን ይህን ከሞተሩ ጋር እናስተያየው። ቴርሞስታቱ (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚወስደውን መንገድ የሚከፍተው ዕቃ) መከፈት የሚጀምረው ከ80 እስከ 84 ዲግሪ ባለው ነው። ፋኑ የሚነሳው 93 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው። ክዳኑ ጨርሶ ግፊት የማይዝ ከሆነና ውስጡ ያለው የቧንቧ ውሃ ብቻ ከሆነ፣ አዲስ አበባ ላይ ውሃው ፋኑ ከመነሳቱ በፊት ይፈላል ማለት ነው! ጤነኛ ክዳን ሲኖር ግን ያው ውሃ ከ115 ዲግሪ በላይ ካልሆነ አይፈላም። በአንዲት ላስቲክና ሽቦ ከ20 ዲግሪ በላይ ይተርፋል።

ክዳኑን በጋለ ሞተር ላይ አትክፈቱ የምንለውም ለዚሁ ነው። በግፊት ታፍኖ 105 ዲግሪ ላይ ዝም ብሎ የተቀመጠ ውሃ፣ ግፊቱ ድንገት ሲለቀቅ በዚያው ቅጽበት ይፈላል። ፊት ላይ ነው የሚፈነዳው።

የአባይ በረሃ ዳገት ደግሞ የራሱ ነገር አለው። ድልድዩ አካባቢ ከፍታው 1,100 ሜትር ገደማ ነው፤ ሙቀቱም የበረሃ ነው። ጎሐ ጽዮን ላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። ሽቅብ በወጣን ቁጥር ሞተሩ ይለፋል፤ የውጭው አየር ግፊት ግን እየቀነሰ፣ ውሃው የሚፈላበት ዲግሪ እየወረደ ይሄዳል። ደካማ ክዳንና የጎደለ ውሃ ይዞ እዚያ መውጣት አደጋ ነው። የጋሼ መርፌ ወጥቶ በድንገት የወረደውም ስለበረደች አልነበረም። ውሃው ከመለኪያው ዝቅ ብሎ፣ መለኪያው ውሃ ሳይነካው በመቅረቱ ነው። መርፌ ወጥቶ ባንዴ ሲወድቅ ከመውጣቱ የባሰ ነው። እዚያው ማቆም ያስፈልጋል።

የኔ ስህተት

ሞተሩ ሙሉ ለሙሉ በረደ። ራዲያተሩን ሞላሁትና በእጅ የሚነፋውን የግፊት መለኪያ አፉ ላይ ገጠምኩት። እስከ 1.1 ባር ነፋሁት። በ10 ደቂቃ ውስጥ ወደ 0.9 ወረደ። እንግዲህ ፍሳሽ አለ። በባትሪ እያበራሁ ዙሪያውን ፈለግኩ። የላይኛው ማኒኮቶ (የጎማ ቱቦ)፣ የታችኛው ማኒኮቶ፣ ወደ ማሞቂያው የሚሄዱት ሁለቱ ቀጫጭኖች፣ ራዲያተሩ ጎንና ጎን ያሉት የፕላስቲክ መጋጠሚያዎች፣ ከዲናሞው ጀርባ። የታችኛው ማኒኮቶ ፋሼታ (ማጥበቂያ ቀለበት) ትንሽ ላልቶ አካባቢው ረጥቧል። ሌላ ምንም አላየሁም።

ከዚያ ክዳኑን ለብቻው ሞከርኩት። 0.4 ላይ ከፈተ። ላስቲኩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

እዚህ ጋ ደስ አለኝ። ምክንያቱን ያገኘሁት መሰለኝ። ክዳኑ ግፊት አይዝም፤ ውሃው እየፈላ በትርፍ ማጠራቀሚያው በኩል ይወጣል፤ ፋሼታውም ትንሽ ይጨምርበታል። አዲስ ክዳን ገዛሁ፤ ፋሼታውን ቀየርኩ፤ ውሃ ሞላሁና «ጋሼ፣ አለቀ» ብዬ ሸኘኋቸው።

በ9ኛው ቀን ተመለሱ። አሁን በሦስት ሳምንት የነበረው አንድ ሊትር በአንድ ሳምንት ሆኗል። ክዳን ቀይሬ ፍሳሹን አባባስኩት!

በኋላ ስረጋጋ ነገሩ ግልጽ ነው። አሮጌው ክዳን 0.4 ላይ ስለሚከፍት ሌላው ደካማ ቦታ ከዚያ በላይ ግፊት አግኝቶ አያውቅም። አዲሱ ክዳን ሙሉውን 1.1 ያዘ። ያን ጊዜ እውነተኛው ቀዳዳ በሁለትና በሦስት እጥፍ ግፊት መትፋት ጀመረ። ክዳኑ መቀየሩ ትክክል ነው። ስህተቱ ከቀየርኩት በኋላ እንደገና አለመንፋቴ ነው። ፋሼታውን አጥብቄ፣ መለኪያውን መልሼ ገጥሜ 15 ደቂቃ ብጠብቅ ኖሮ መርፌው ያኔም ሲወርድ አይ ነበር። አንድ ፍሳሽ ያገኘ ሰው ሁለተኛ አይፈልግም። እኔም አልፈለግኩም።

ለጋሼ ይህንኑ ነገርኳቸው። «ያልጨረስኩት እኔ ነኝ፤ የዚህን የእጅ ዋጋ አልቀበልም» አልኳቸው። እሳቸውም «ተማሪ ስህተቱን ካወቀ ግማሹን ሠርቷል» ብለው ቁልፉን ሰጡኝ። መኪናዋ እኔ ዘንድ አደረች።

ካርቶኑ ለምን ደረቅ ሆነ

በዚህኛው ዙር አልቸኮልኩም። ማታ 1.1 ላይ ነፍቼ መለኪያው እንደተገጠመ ተውኳት። ጠዋት መርፌው ዜሮ ላይ ነው፤ መሬቱ ግን አሁንም ደረቅ ነው።

መኪናዋን አንስቼ ከሞተሩ ሥር ያለውን የፕላስቲክ መከላከያ ፈታሁት። መልሱ እዚያ ተቀምጦ ነበር። ፕላስቲኩ እንደ ትሪ ነው፤ በቀኝ በኩል ጎድጎድ ያለው ቦታ ላይ ውሃ አቁሯል። ዙሪያውን ደግሞ ዝገት የመሰለ ቡናማና ነጭ ጨው ደርቆበታል። ጠብታው ለወራት እዚያ ትሪ ላይ ሲወድቅ፣ በሞተሩ ሙቀትና በንፋስ ሲደርቅ ኖሯል። የጋሼ ካርቶን ምንም ሊያሳይ አይችልም ነበር። ይህ መከላከያ ጭቃና ድንጋይ ስለሚመልስ መልሶ መገጠም አለበት። ፍሳሽ ሲፈለግ ግን መጀመሪያ መውለቅ ያለበት እሱ ነው። አሁን ጋራዣችን ውስጥ እንዲህ ነው የምንሠራው።

ትሪው የቱ ጎን እንደሆነ ነገረኝ፤ የትኛው ዕቃ እንደሆነ ግን አልነገረኝም። ከላይ የፈሰሰ ውሃ ወርዶ ወርዶ ሌላ ቦታ ላይ ይንጠባጠባል። ስለዚህ ውሃው ውስጥ የሚያበራ ቀለም ጨመርኩ። ሁለት ቀን ራሴ ነዳኋት። ማታ መብራት አጥፍተን በአልትራቫዮሌት ባትሪ አየናት። ከውሃ ፓምፑ ፑሌጃ (ከመዘውሩ) ጀርባ አረንጓዴ መስመር ቁልቁል ወርዷል። ቺንጋው (የሚያዞረው ቀበቶ) እየረጨው ዲናሞው ጎን ላይ ነጠብጣብ ሠርቷል። ረዳቴ ወጣት ልጅ ነው፤ «እንደ ኮከብ ነው የሚያበራው» አለኝ። እውነቱን ነው። ያን ምሽት አልረሳውም።

በትንሽ መስታወት ከሥር ሳየው መነሻው ታየ። እያንዳንዱ እንዲህ ዓይነት ፓምፕ ከአካሉ ሥር አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አለችው። ፋብሪካው ሆን ብሎ የተዋት ናት። ፓምፑ ውስጥ በውሃውና በኩሽኔታው (ዘንጉ በሚዞርበት ዕቃ) መካከል ማገጃ አለ። ማገጃው ሲያልቅ ውሃው ወደ ኩሽኔታው ገብቶ እንዳይጨርሰው በዚህች ቀዳዳ በኩል ወደ ውጭ ይወጣል። ስለዚህ ቀዳዳዋ መልእክተኛ ናት፤ በሲሊኮን የምትደፈን አይደለችም። ደፍነው የሚልኩ አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ ኩሽኔታው ይዘጋል፤ ቺንጋው ይበጠሳል፤ መኪናው መንገድ ላይ ይቀራል።

ቺንጋውን አውልቄ ፑሌጃውን በእጄ ጨብጬ ወዘወዝኩት። ትንሽ ይላወሳል። ሳዞረው አሸዋ እንደገባበት ይንኮሻኮሻል። ፓምፑ አልቋል።

ከፓምፑ ጋር የወጣው ሌላ ታሪክ

ውሃውን በንጹሕ ባልዲ አፈሰስኩት። ያረጀ ሻይ ይመስላል። የፓምፑ ቡሎኖች 6 ናቸው፤ በ10 ቁልፍ ይፈታሉ። ፓምፑ ሲወጣ ከውስጥ ውሃውን የሚገፉት የብረት ክንፎች ጫፋቸው በዝገት ተበልቶ ቀጥኗል። ይህ የዓመታት የቧንቧ ውሃ ሥራ ነው።

ጋሼ ኩላንት (ከውሃ ጋር የሚቀላቀል የማቀዝቀዣ ፈሳሽ፤ አንቱፍሪዝም ይባላል) አልገዙም ነበር። ምክንያታቸውም ለሰሚው ልክ ይመስላል፦ «አንቱፍሪዝ በረዶ ላለበት አገር አይደለም እንዴ? እኛ ምን አለብን?» ስሙ ነው ያሳሳታቸው። እውነት ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ሞተር ውስጥ ውሃ በረዶ አይሆንም። ግን ኩላንት ውስጥ ብረትና አሉሚኒየም እንዳይዝግ የሚከላከል ነገር አለ። የሚፈላበትንም ዲግሪ ከፍ ያደርጋል፤ ግማሽ በግማሽ ሲቀላቀል ከውሃ ብቻው በ6 ወይም በ7 ዲግሪ ገደማ ይበልጣል። የቧንቧ ውሃ ደግሞ ማዕድን አለበት። ማዕድኑ በሙቀት ይለያል፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የምናየው ነጭ ቅርፊት እሱ ነው። ያ ቅርፊትና የዝገቱ ፍርፋሪ ቀኑን ሙሉ በፓምፑ ማገጃ መካከል እየዞሩ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቁታል።

ፓምፑን ካወጣሁ ቴርሞስታቱንም ልየው ብዬ ቤቱን ከፈትኩት። ባዶ ነው። ቴርሞስታት የለም! አንድ ሰው፣ አንድ ጊዜ፣ አውጥቶ ጥሎታል። ጋሼ ከመግዛታቸው በፊት ይሁን በኋላ እሳቸውም አያስታውሱም።

ይህ እኛ አገር የተለመደ ነው። መኪና ሲሞቅ «ቴርሞስታቱ ይውጣ፣ ለብርድ አገር ነው» ይባላል። ነገሩ በጣም ይከነክነኛል። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ጠዋት ቶሎ አይሞቅም። ነዳጅ ይበላል። በብዙ ሞተሮች ላይ ደግሞ ቴርሞስታቱ ሲከፈት በሌላው ጫፉ አቋራጩን መንገድ ይዘጋል። እሱ ከሌለ የጋለው ውሃ ከፊሉ ራዲያተር ሳይደርስ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ሜዳ ላይ ሲነዳ ቀዝቃዛ ይመስላል፤ ዳገት ላይ ግን ይሞቃል። ለማቀዝቀዝ የተጣለው ዕቃ አባይ በረሃ ላይ እንዲህ ያደርጋል።

ባዶውን ቤት አይቼ ትንሽ ቆምኩ። ያ ማኪያቶ የመሰለ አረፋ ትዝ አለኝ። ሞተሩ በ3 ኪሎ ሜትር መንገድ ሊሞቅ ያልቻለው ቴርሞስታት ስለሌለው ነው። ስላልሞቀ ጤዛው አልተነነም። ጤዛው የዘይቱ ክዳን ላይ አረፋ ሆነ። አረፋው ለዚያኛው ጋራዥ «ቴስታታ» ሆኖ ታየ። ጋሼን መልሼ ስጠይቃቸው «መርፌዋ ድሮም ከመሃል ዝቅ ብላ ነው የምትቆም፤ ማሞቂያውም ጠዋት ለብ ከማለት አያልፍም» አሉኝ። ይህን መጀመሪያ ቀን ልጠይቃቸው ይገባኝ ነበር። ስለ መሞቅ እንጂ ስላለመሞቅ ማን ይጠይቃል?

አገጣጠሙ

አዲሱን ቴርሞስታት ከመግጠሜ በፊት በድስት ውሃ ውስጥ በክር አንጠልጥዬ፣ ቴርሞሜትር አስገብቼ ምድጃ ላይ አስቀመጥኩት። 82 ላይ መከፈት ጀመረ፤ ከመፍላቱ በፊት በደንብ ተከፈተ። ገበያ ላይ ሁሉም ዓይነት ዕቃ ስላለ ይህችን 10 ደቂቃ አልቆጥባትም። ሲገጠም ትንሿ የአየር መልቀቂያ ወደ ላይ መሆን አለባት፤ ካልሆነ አየር ታፍኖ ይቀራል።

የፓምፑን መቀመጫ በፕላስቲክ መፋቂያ አጸዳሁት። አሉሚኒየም ነው፤ በብረት ከተጫረ ጭረቱ ራሱ ሌላ ፍሳሽ ይሆናል። ይህ ፓምፕ የሚታሸገው በጎማ ቀለበት ነው። ሲሊኮን አያስፈልገውም። ሲሊኮን ከተጨመረ ትርፉ ወደ ውስጥ ተጨምቆ ይገባና ተቆርጦ የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎች ይደፍናል። ቡሎኖቹን ሁሉንም በእጅ አስገብቼ፣ ከዚያ በተቃራኒ ጎን እያፈራረቅኩ በትንሽ በትንሹ አጠበቅኩ። 10 ኒውተን ሜትር ገደማ ይበቃቸዋል። ረዥም ቁልፍ ይዞ መጎተት የአሉሚኒየሙን ጥርስ ያወልቀዋል።

እጥበቱ ግማሽ ቀን ወሰደ። ሞልቶ፣ አሙቆ፣ አብርዶ ማፍሰስ። አምስተኛው ላይ ውሃው ጠራ። የማሞቂያውም መስመር እንዲታጠብ ማሞቂያው ሙቀት ላይ መሆን አለበት። የመጨረሻውን እጥበት ዲስትልድ ውሃ አደረግነው። ለኩላንቱም መቀላቀያ የተጠቀምነው እሱን ነው። ነዳጅ ማደያና መለዋወጫ ሱቅ «የባትሪ ውሃ» ተብሎ ይሸጣል። ስትገዙ ጽሑፉን አንብቡ፤ አሲዱም እንዲያው በፕላስቲክ ዕቃ ነው የሚመጣው። የኩላንቱ ቀለም ዓይነቱን አይናገርም። ቀይ ከቀይ ይስማማል ማለት አይደለም፤ የጠርሙሱ ጀርባ ላይ ለአሉሚኒየም ሞተር መሆኑ መጻፉን ማየት ይሻላል።

ያፈሰስነውን አሮጌ ውሃ ቦይ ውስጥ አልደፋነውም። ቀለም ያለበት ነው። ኩላንት ደግሞ መርዝ ሆኖ ጣፋጭ ነው፤ ውሻም ሕፃንም ሊቀምሰው ይችላል። ክዳን ባለው ጀሪካን ውስጥ ነው የምናስቀምጠው።

ሞልቼ ክዳኑን ክፍት አድርጌ፣ ማሞቂያውን ሙቀት ላይ አድርጌ አስነሳሁ። ማኒኮቶዎቹን እየጨመቅኩ አረፋው እስኪያልቅ ጠበቅኩ። የታችኛው ማኒኮቶ ሲሞቅ ቴርሞስታቱ መከፈቱን አወቅኩ። ፋኑ ሁለት ጊዜ ተነስቶ ሁለት ጊዜ ቆመ። የጎደለውን ጨምሬ ከደንኩ። በረደች። መለኪያውን ገጥሜ 1.1 ነፋሁ። 15 ደቂቃ። ግማሽ ሰዓት። መርፌዋ ንቅንቅ አላለችም። በዚህኛው ጊዜ መከላከያውን ሳልመልስ ሁለት ቀን ነዳኋት፤ በአልትራቫዮሌቱም መልሼ አየኋት። የፓምፑ አካባቢ ደረቅ ነው።

ትርፍ ማጠራቀሚያው ላይ ሞተሩ በበረደ ጊዜ ውሃው ያለበትን ቦታ በማርከር አሰመርኩ። ጋሼን «በየሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሳያስነሱ፣ ይህችን መስመር ብቻ ይዩ» አልኳቸው። መምህር ናቸውና ደብተር ይዘው መዘገቡ። ቀን፣ ኪሎ ሜትር፣ «በመስመሩ ላይ»። ለ6 ሳምንት ያው ነው። የዘይት ክዳኑን በአራተኛው ሳምንት ከፍቼ አየሁት። አረፋው ጠፍቷል።

ከዚያ ለሰማንያ ቀን ተዝካሩ ወደ ደብረ ማርቆስ ሄዱ። ሲመለሱ ጎሐ ጽዮን ደርሰው ደወሉልኝ። ስልኩን ሳየው ልቤ ዘለለ።

«ምነው ጋሼ፣ ደህና?»

«ደህና ነኝ። መርፌዋ መሃል ላይ ናት፣ እሱን ልንገርህ ብዬ ነው። ባለቤቴ ደግሞ ማሞቂያውን ቀንስ እያለች ነው፤ እግሯን አቃጠላት።»

አንድ የቀረ ነገር አለ። ራዲያተሩ ከታች በግራ በኩል፣ ፕላስቲኩ ከአሉሚኒየሙ ጋር በሚገናኝበት፣ እጅግ ቀጭን አረንጓዴ ጭረት አይቻለሁ። ግፊት አይጥልም፤ መስመሩም አልወረደም። ፕላስቲኩ ግን 20 ዓመት አልፎታል። ከፋሲካ በኋላ አምጧት ብያቸዋለሁ። እስከዚያ ደብተሩ በየቅዳሜው ይጻፋል።